አስራ አንደኛው ባዶ

ፀጉር አስተካካይ ነኝ። ሰላሳ ዓመት የሰው ጭንቅላት ሳገላብጥ ኖሬ፣ ውስጡ ያለውን አንድም ቀን ሳላውቅ እርጅና መጣብኝ። ይህን የምጽፈው ስለ ራሴ አይደለም፤ ቢያንስ ስጀምር ሐሳቤ እንደዚያ ነበር። ስለ ድርብ ነው። ድርብን ታውቋታላችሁ፤ በየታክሲው፣ በየጂሙ፣ በየተማሪው ጆሮ ውስጥ ያለችው ራፐር ናት። ጋዜጠኞች ስለ እሷ ሲያወሩ "ድንገት የወጣች" ይላሉ። ድንገት የሚወጣ ብጉር ብቻ ነው። እሷ የወጣችው ከሱቄ ፊት ለፊት ካለው ሕንፃ፣ ከሁለተኛው ፎቅ፣ ከእናቷ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። አወጣጧንም ከመጀመሪያው ጀምሮ አይቻለሁ።

እናቷን ሰፈሩ እትዬ ኦፕሬተር ይላቸዋል። በአንድ የመድን ድርጅት ምድር ቤት፣ መስኮት በሌላት ክፍል ውስጥ፣ ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ ደፍተው ሃያ ስምንት ዓመት ስልክ ሲያገናኙ የኖሩ ሴት ናቸው። "ሃሎ" ያለውን ሰው ቁርስ በልቶ ይሁን ሳይበላ፣ ከሚስቱ ተጣልቶ ይሁን ታርቆ፣ እውነት ሊናገር ይሁን ሊያጭበረብር ከዚያችው ከ"ሃሎ" ይለዩታል። አንድ ጠዋት ሱቄ ደጃፍ ላይ ቆም ብለው "ደህና አደርክ?" ሲሉኝ "ደህና" አልኳቸው። "ጥርስህን ለሐኪም አሳየው" ብለውኝ መንገዳቸውን ቀጠሉ። እውነትም ሲጠዘጥዘኝ ነበር ያደረው። ከዚያ ወዲህ እሳቸው ፊት ስናገር ጠንቀቅ እላለሁ።

የልጆቹ አባት ለሥራ ብሎ ራቅ ወዳለ ከተማ ሄዶ በዚያው ቀልጦ ቀርቷል። እትዬ ኦፕሬተር ሁለቱን ልጆች በዚያ ማዳመጫ አሳደጉ። ማታ ቤት ገብተውም አፋቸው አያርፍም፤ እንቅልፍ ሲያንጎላጃቸው "ይጠብቁኝ፣ እያገናኘሁ ነው" ይላሉ። የልጆቹ የመጀመሪያ ዜማ ይህ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ትልቁ ወንድ ሳፋውን ገልብጦ በማንኪያ ይመታል፣ ትንሿ ሴት ልጅ "ይጠብቁኝ፣ ይጠብቁኝ" ትላለች፣ የታች ቤት ጎረቤት ጣሪያውን በመጥረጊያ እንጨት ይደበድባል። ሦስቱም ምት ይጠብቁ ነበር።

ወንድሟ አድጎ ሴራሚክ ለጣፊ ሆነ። ሰፈሩም ሊሾ አለው። እጁ ለጠርዝ የተፈጠረ ነው፤ ጋዜጣ እንኳ ሲያጥፍ ጠርዙን ከጠርዙ ሳያጋጥም አያስቀምጥም። ችኮላ የሚባል ነገር አያውቅም። አንድ መታጠቢያ ቤት ሲለጥፍ የሚፈጅበትን ጊዜ አይተው አሠሪዎቹ ይበሳጩበታል፤ ሥራው ሲያልቅ ደግሞ እግራቸውን ለማሳረፍ ያሳሳቸዋል።

ወደ እኔ የመጣው በአስራ አራት ዓመቱ፣ ፀጉሩን ሊቆረጥ ነው። ተቆርጦ አልቆ አልሄደም። ሱቄ ውስጥ ሁለት ትልልቅ ድምፅ ማጉያዎች አሉኝ፤ ብዙ የሚጓዝ ደንበኛዬ ደግሞ የራፕ ካሴቶች ያመጣልኝ ነበር። በማናውቀው ቋንቋ ናቸው። ሊሾ አንዲት ቃል አይገባውም፤ ግን ሰውየው የት እንደሚተነፍስ፣ የት እንደሚሮጥ፣ የት ላይ ቆም ብሎ እንደሚያሾፍ አንድም አያመልጠውም። ቃሉን ትቶ ምቱን ብቻ ይዞ "ታ-ና-ዲ-ጋ፣ ታ-ና-ዲ" እያለ ይከተለዋል። እህቱ ያኔ አስር ዓመቷ ነው፤ ወንበሩ ላይ ስትቀመጥ እግሯ መሬት አይደርስም። ያንን "ታ-ና-ዲ-ጋ" ተቀብላ በእኛው ቃል ትሞላዋለች። መጀመሪያ የሞላችው ስለ እኔ ራሰ በራነት ነበር። ራሰ በራ ፀጉር አስተካካይ ማለት ለእነሱ ያላለቀ ቀልድ ነበር።

አሠራራቸው ይኸው ሆኖ ቀረ። ሊሾ መጀመሪያ ድምፁን ብቻ ይቀዳል፤ ቃል የለውም፣ ግን ቁጣውም ሳቁም ትንፋሹም አለበት። ያንን "ባዶ" ይሉታል። ባዶው ለእህቱ ይሰጣል። እሷ አድጋ ፎቶ ኮፒ ቤት ገብታ ነበር፤ ማሽኑ ወረቀት እየተፋ፣ እሷ በተበላሸው ወረቀት ጀርባ ላይ ቃል እየለካች ባዶውን ትሞላለች። ከዚያ ሊሾ ቃሉን ይዞ ይቀዳዋል። እሷ ከግራ ትከሻው ኋላ ቆማ የየመስመሩን መጨረሻ ቃል አብራው ትመታለች። በእነሱ ሙያ እንዲህ የሚደረበው ድምፅ ድርብ ይባላል፤ ስሟ ከዚያ መጣ።

የሚቀዱት እናታቸው ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። ካፖርቱ፣ ብርድ ልብሱና ሹራቡ ድምፁን ስለሚውጠው አያስተጋባም፤ ከቁም ሳጥን የተሻለ ስቱዲዮ ደሃ አያገኝም። የጎደላቸው ማይክ ብቻ ነበር። እኔ ደግሞ ከተዘጋ የጋዜጠኞች ማሠልጠኛ የገዛሁት ጥሩ ማይክ ነበረኝ፤ በሰፈር የኳስ ጨዋታ ላይ የማስተዋውቀው እኔ ነበርኩ። ሊሾ ሲለምነኝ "ማይክ እንደ ጥርስ ብሩሽ ነው፣ አይዋስም" አልኩት። ከዚያ አዋስኩት። ባዋስኩት ቁጥር ደግሞ እንደ ቀራጭ እየደወልኩ "መልስ" እለው ነበር። ማይኩ አስፈልጎኝ አይደለም፤ ባለቤት መሆን ደስ ስለሚለኝ ነው።

አሁን ወደዚያ ቅዳሜ መድረስ አለብኝ። ከሰዓት በኋላ የዋንጫ ጨዋታ ነበር። እኔ ግን ገና ረፋድ ላይ ደወልኩ። አላነሳም። ጥቂት ቆይቼ ደግሜ ደወልኩ፣ አላነሳም። ሦስተኛውን ስደውል አነሳ። የተባባልነውን በቦታው እጽፈዋለሁ። ከሕንፃቸው እስከ ሱቄ መንገዱን መሻገር ብቻ ነው፣ መቶ እርምጃ አይሞላም። ዝናብ ጀምሮ ነበር። ጀርባዬን ለመንገዱ ሰጥቼ የአንድ ሽማግሌ ማጅራት እያስተካከልኩ ሳለ፣ በመስታወቴ ውስጥ ሊሾ ቦርሳውን ደረቱ ላይ አቅፎ ሲወጣ አየሁት። አሸዋ የጫነውን መኪናም በመስታወቱ ውስጥ አየሁት።

ጨዋታው በዝናቡ ምክንያት ቀረ።

ወደ እኔ እየመጣ እንደነበር ሰው ሁሉ ያውቃል። የጠራሁት እኔ መሆኔን ግን ማንም አያውቅም ነበር። ስልኩ ጎማ ሥር ገብቶ ተፈጭቷል። ማይኩ በፎጣ ተጠቅልሎ ቦርሳው ውስጥ ነበር፤ ጭረት እንኳ አልነካውም። ባለቤቱ እኔ ነኝና ለእኔ አመጡልኝ። ከወር በኋላ ለድርብ ሰጠኋት። ሰፈሩ ደግነቴን አደነቀ። የሱቄን ወንበሮችና መስታወቱን ደግሞ አዙሬ፣ መስታወቱ ግድግዳ ግድግዳውን እንዲያይ አደረግኩ። ደንበኞቼ ለምን ብለው ሲጠይቁኝ ብርሃኑ አልተስማማኝም እላለሁ።

ድርብ ኮምፒዩተሩን ለመክፈት ድፍረት ያገኘችው ከሦስት ወር በኋላ ነው። አስራ አንድ ባዶዎች ተቀምጠው ነበር። አንዱን ስትነካው የሊሾ ድምፅ ቤቱን ሞላው። እናትየው ሳህን ይዘው ከማድ ቤት ብቅ አሉ። ደንግጣ ልትዘጋው ስትል "ተይው፤ ጉንፋን ይዞታል" አሏት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እናትና ልጅ በየቀኑ ከሥራ መልስ ቁጭ ብለው ባዶዎቹን ይሰማሉ። ቃል የላቸውም፤ እትዬ ኦፕሬተር ግን ቃል ፈልገው አያውቁም። ይኼኛው ላይ በልቶ ነው የሚሠራው ይላሉ። እዚህ ላይ አንቺን እያየ ነው፣ ሳቁን ይዞታል። እዚህ ላይ ወገቡን አሞታል፣ ወለል ሲለጥፍ የዋለ ዕለት ነው። ልጃቸው በሌለበት ልጃቸውን ያገኙት ነበር፤ ፊታቸውም እያደር ተመለሰ። ድርብ ይህን የነገረችኝ ፀጉሯን ላሳጥርላት ተቀምጣ ነው። በእጄ የያዝኩትን መቀስ ስፈልግ አይታ "ጋሼ አረጀህ" አለችኝ።

ጉንፋን የያዘበትን ባዶ በቃል ሞላችውና፣ እንደ ወትሮው ለወንድሟ እንዳትሰጠው ወንድሟ የለም፤ ራሷ ገብታ ቀዳችው። የእናቷን "ይጠብቁኝ፣ እያገናኘሁ ነው" አዝማች አደረገችው። በሁለት ሳምንት ውስጥ የማይሰማበት ቦታ ጠፋ። ሬዲዮ ጠራት፣ ቴሌቪዥን ጠራት፣ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ደጃፍ ላይ ልጆች ተሰልፈው የማያስፈልጋቸውን ወረቀት ኮፒ ያስደርጉ ጀመር። በሬዲዮው ላይ ማንን ታመሰግኛለሽ ሲሏት ማይኩን የሰጡኝን ጋሼን አለች። ያን ጊዜ የአንዱን ደንበኛዬን ፂም እየላጨሁ ነበር። "ስምህ ተነሳ እኮ!" ብሎ እጁን ዘረጋልኝ። ምላጩን አስቀምጬ ጨበጥኩት።

መድረክ ላይ ስትወጣ አንድ ነገር አላት፤ አይታችኋታል። የየመስመሩን የመጨረሻ ቃል ትተወዋለች። ዝም ብላ ፊቷን ወደ ቀኝ ዞር ታደርጋለች፣ ተመልካቹ ቃሉን ይጮኽላታል። ተቺዎች ስታይል ነው ብለው ጽፈውበታል። ስታይል አይደለም። እሷ ሁልጊዜ ከግራ ትከሻው ኋላ ነበር የምትቆመው፤ ሊሾ ያለው ወደ ቀኝ ነው። የመጨረሻዋን ቃል ብቻዋን መምታት ስለማትችል ትጠብቀዋለች።

ከመጀመሪያው ዘፈን ስኬት በኋላ፣ አንድ ቀን እትዬ ኦፕሬተር ያንኑ ባዶ ክፈቺልኝ አሏት። አዳመጡ። ደግመው አዳመጡ። ከዚያ "ጉንፋኑ የለም" አሉ። ከሥር ያለው የሊሾ ድምፅ ምንም አልተነካም፤ ጆሯቸው ግን በላዩ ላይ የልጅቷን ቃል እያመጣ ይሞላባቸዋል። አንዴ የተሰማ ቃል ተመልሶ አይወጣም። ድርብ አንድ ባዶ በሞላች ቁጥር እሳቸው አንድ ባዶ ያጣሉ። እንዲህም ሆኖ ከልክለዋት አያውቁም። በሦስት ዓመት ውስጥ አስሩን አንድ በአንድ ሰጧት፤ እያንዳንዱን ከመስጠታቸው በፊት ግን አንድ ቀን ሙሉ ብቻቸውን ይሰሙታል።

አስራ አንደኛውን ግን አልሰጡም። ወደ ፍላሽ አስገልብጠው ከኮምፒዩተሩ አስጠፉትና ፍላሿን በመሐረብ ቋጥረው ደረታቸው ውስጥ አኖሯት። የመጨረሻው ነው። የዚያን ቅዳሜ የተቀዳ ነው። መጨረሻው ላይ ደግሞ ስልክ ይጠራል አለችኝ ድርብ፣ እንዲሁ እንደ ተራ ነገር። እናቷ የደወለውን ሰው ሲፈልጉ ከርመዋል፤ አሠሪውን ጠይቀዋል፣ የሥራ ባልደረቦቹን ጠይቀዋል፣ ያኔ የተጣላትን ፍቅረኛውን ሳይቀር ቤቷ ድረስ ሄደው ጠይቀዋል። እኔን ግን አልጠየቁኝም። በየጠዋቱ ደጃፌ ላይ ቆም ብለው ደህና አደርክ ይሉኛል፣ ደህና እላለሁ፣ ያልፋሉ። ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነበር። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ፤ እኔ ሁለቱም ደርሶብኛል፣ የአፉ ግን የታወቀኝ ወዲያው ነው።

ባለፈው ዓመት ለድርብ የከተማው ትልቁ አዳራሽ ተሰጣት። አዘጋጆቹ አዲስ ዘፈን ይኑርሽ አሏት። ብቻዋን ሞከረች፤ ቃል ትጽፋለች፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ትገባለች፣ ማይኩ ፊት አፏን ስትከፍት የሚወጣው ከአስሩ የአንዱ ግልባጭ ነው። ክብደቷ ቀነሰ። አንድ ከሰዓት መጥታ ወንበሬ ላይ ተቀመጠችና ፀጉሯን ሳይሆን አፌን እንደምትፈልግ ነገረችኝ። እማዬ አንተን ታከብርሃለች፣ አስራ አንደኛውን ትስጠኝ፣ አሸማግለኝ አለች። ያለሱ መድረኩን እንደምትተወው፣ ወደ ኮፒ ቤቷም እንደምትመለስ ነገረችኝ፤ ቀልዷን አልነበረም። እምቢ ለማለት ምክንያት ፈለግኩ። እውነተኛው አንድ ብቻ ነበር፣ እሱን መናገር አልችልም። እሺ አልኩ።

ሱቁ በሚዘጋበት ሰኞ፣ ረፋድ ላይ ሁለቱም መጡ። ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፤ የልጅቷ ዕድል፣ የሟች ስም ማስጠራት፣ ይህን የመሰለ። እትዬ ኦፕሬተር ገና አፌን ስከፍት እጃቸውን አነሱ።

"ሳትሰማው አታሸማግልም" አሉኝ።

መሐረቡን ፈትተው ፍላሿን ሰጡኝ። በሁለቱ ድምፅ ማጉያዎች ከፈትኩት። አስራ አራት ዓመት ሆኖት ካሴት ሲከተል በተቀመጠበት በዚያው ሱቅ ውስጥ የሊሾ ድምፅ ወጣ። ሲጀምር ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ ታ-ና-ዲ-ጋ ብሎ ያዘው። ቃል የለም። አንድ ሰው ከግድግዳ ወዲያ ሆኖ አንድ ትልቅ ነገር ሲነግርህ የምትሰማ ይመስላል፤ ግድግዳውን ብታፈርሰው ትሰማዋለህ፣ የምታፈርስበት ግን የለህም። ድርብ ዓይኗን ጨፍና ጉልበቷን በጣቷ ትመታለች። እኔ የባንኮኒውን ጠርዝ ይዤ ቆሜአለሁ። መጨረሻው አካባቢ አንዲት መስመር ጀመረ፣ ሳያደርሳት ስልኩ ጠራ። ደገመ። ሦስተኛው ላይ የኮምፒዩተሩ ማውስ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማና ቅጂው ቆመ።

እትዬ ኦፕሬተር ወደ እኔ አላዩም፤ ድምፅ ማጉያውን ነው የሚያዩት።

"ልጄ ቸኩሎ አያውቅም። እዚህ ላይ ግን ስልኩ ከመጥራቱ በፊትም ቸኩሏል። ከመጀመሪያው ጀምሮ ቸኩሏል። የሚደውልበት ሰው እንዳለ ያውቅ ነበር ማለት ነው። ማን ነው ልጄን ያስቸኮለው?"

ለሦስት ዓመት ያዘጋጀኋቸው መልሶች ነበሩኝ፤ አንዱም አልመጣልኝም።

"እኔ ነኝ እትዬ" አልኩ።

የድርብ ወንበር ወደ እኔ ዞረ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሦስት ጊዜ መደወሌን፣ ጨዋታው ከሰዓት መሆኑን፣ ያን ያህል የሚያጣድፍ ነገር እንዳልነበረኝ፣ በመስታወቱ ውስጥ ማየቴን። ድርብ እንደ ልጅነቷ አፏን ከፍታ ነበር የምትሰማኝ።

"ማይኩን ለዚህ ነው የሰጠኸኝ?"

"አዎ።"

ተነስታ ወደ በሩ ሄደች። እናቷ እጃቸውን ብቻ አነሱ፤ ማዳመጫ ደፍተው ሳለ መሥመር ላይ ያለን ሰው እንደሚያስጠብቁት። ድርብ እጀታውን ይዛ ቆመች።

"ያነጋገርከው አንተ ነህ እንግዲህ" አሉኝ እትዬ ኦፕሬተር። ቁጣ የለም ድምፃቸው ውስጥ፤ ከቁጣ የበለጠ የሚያስፈራ ጉጉት ነው ያለው። "ምን አለህ? ቃል በቃል ንገረኝ።"

ያኔ ነው የገባኝ። እኚህ ሴት ሦስት ዓመት ቃል የሌለው ድምፅ ታቅፈው ሲኖሩ፣ የልጃቸው የመጨረሻ ቃል እኔ ዘንድ ነበር። በደሌ የመሰለኝ መደወሌ ነበር። ለካ ከዚያ የባሰ ሌላ በደል በየጠዋቱ ሲያልፉ ደህና እያልኩ ስሠራባቸው ኖሬአለሁ።

"'ጋሼ፣ አንዲት መስመር ቀርታኛለች፤ እሷን ልጨርስና ላምጣው?' አለኝ" አልኩ። "እኔ 'ስትመለስ ትጨርሳለህ፣ አሁን አምጣ' አልኩት። ሳቀ። 'ይኼ ማይክ ከሚስትህ በላይ ሳያስቀናህ አይቀርም' አለኝ። ከዚያ..."

"ከዚያ?"

"'ዝናብ ሊመጣ ነው፣ እማዬ ልብስ አስጥታ ነው የወጣችው። እሱን አስገብቼላት መጣሁ' አለ።"

እትዬ ኦፕሬተር ያልተቀመጡ ይመስል ወንበር ፈልገው በእጃቸው ዳበሱ፤ ተቀምጠው ነበር። የዚያን ቀን ከሥራ ሲመለሱ ቤቱ በሰው ተሞልቷል። ከሰገነቱ ላይ ያሰጡት ልብስ ሰው ይቀመጥ ተብሎ ከአልጋ ወደ ሳጥን፣ ከሳጥን ወደ ጥግ ሲወረወር የትም ገብቷል። ከቀናት በኋላ ሲያገኙት ደረቅ ነው፣ ዝናብ አልነካውም። ማን አስገባልኝ ብለው ጎረቤቱን ሁሉ ጠይቀዋል። እኔ ነኝ ያለ የለም።

"ከታች ያለው አንድ አንሶላ አልተበተነም ነበር" አሉ። "ጠርዙ ከጠርዙ ገጥሞ። እያየሁት እኮ ነው። እያየሁት እጁን አላወቅኩትም።"

ሳቁ መጀመሪያ። ከዚያ አለቀሱ፤ ድርብም ከበሩ ተመልሳ እግራቸው ሥር ተቀመጠች። እኔ የምገባበት ጠፍቶኝ የታጠፈ ፎጣ ደግሜ አጠፍኩ።

ሲረጋጉ ለምን አንድ ቀን እንኳ እንዳልጠየቁኝ ጠየቅኳቸው። ገምተው እንደነበር ገብቶኛል፤ እኚያ ጆሮዎች የጥርስ ሕመሜን ያወቁ ናቸው።

"ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ድምፅህ ነግሮኛል" አሉ። "ብጠይቅህ ትዋሸኝ ነበር። አንተ ከዋሸኸኝ በኋላ ደግሞ የምጠይቀው ሰው አይተርፈኝም። ስለዚህ ጠበቅኩህ።"

ይቅር ብዬሃለሁ አላሉኝም። እኔም አልጠየቅኩም። ፍላሿን ከማጫወቻው ነቅለው በልጃቸው መዳፍ ላይ አስቀመጡና ጣቶቿን አጠፉላት።

"ሙዪው። እኔ የምፈልገውን ሰምቻለሁ። ያቺን ያልጨረሳትን መስመር ግን አትንኪያት" አሏት።

ድርብ ዘፈኑን በአስር ቀን ጨረሰች። ለእኔ አልነገረችኝም፤ ከዚያ ሰኞ በኋላ አታናግረኝም ነበር። ሰላምታዬን ራሷን ነቅነቅ አድርጋ ትመልሳለች፣ ፀጉሯን ሌላ ቦታ ትቆረጣለች። ያገኘችው ሰው ጥሩ አልቆረጣትም፤ ይህንንም የመናገር መብት የለኝም።

ቀረጻው ያለቀ ዕለት ጠዋት ከሕንፃው ስትወጣ አየኋት። ቦርሳ ደረቷ ላይ አቅፋለች። መቀሴን ጥዬ ደጃፍ ላይ ቆምኩ። ግራና ቀኝ እስክታይ፣ እስክትሻገር፣ የእኔን ደረጃ እስክትረግጥ ድረስ ትንፋሼን አልለቀቅኩትም። ገብታ በፎጣ የተጠቀለለውን ማይክ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው።

"የጠየቅከው ማይክ፣ ጋሼ" አለች። "ደረሰልህ።"

ለመበቀል ያለችው መስሎኝ ፊቷን አየሁ። አልነበረም። ወንድሟ የጀመረውን መንገድ ጨርሳለት ነው የመጣችው። በራሷ ገንዘብ ሌላ ማይክ ገዝታለች፤ ያንን ይዛ አሁን የራሷን ባዶ ትቀዳለች። የመጀመሪያውን ስትሞክር የሆነውን ከወራት በኋላ፣ ማናገር ስትጀምረኝ ነገረችኝ። ቁም ሳጥን ውስጥ ሆና ታ-ና-ዲ እያለች ሳለ እናቷ በሩን አንኳኩ። ሦስት ዓመት የልጃቸውን ድምፅ ብቻ ሲያዳምጡ የኖሩ ሴት ናቸው። "ርቦሻል፤ ውጪና ብዪ" አሏት። ድርብ ካፖርቱ መሐል ቆማ አለቀሰች። እውነትም ርቧት ነበር።

የአዳራሹ ዕለት ከኋላ ወንበር አግኝቼ ገባሁ። የአስራ አንደኛው ባዶ ዘፈን የመጨረሻ ሆኖ ቀረበ። ቃሉ ስለ ዝናብ፣ ስለ አንሶላና ስለ መቶ እርምጃ ነው፤ ስለ እኔ አንዲት ቃል የለበትም። የመጨረሻው መስመር ላይ ድርብ ዝም አለች፤ ፊቷንም ወደ ቀኝ አላዞረችም። የሊሾ ድምፅ ብቻውን ወጣ፤ ቃል የሌለው፣ ያላለቀ። ከዚያ ስልክ ጠራ። ያ ሁሉ ሺህ ሰው በአንድ ጊዜ ኪሱን ዳበሰ። ሳቅ ሆነ፣ ጭብጨባ ሆነ፣ ሰዉ ብልኃት መሰለው።

ይኸው ዘፈን አሁን በቀን አስር ጊዜ በሱቄ ደጃፍ ያልፋል። ወንበሮቹንና መስታወቱን ወደ ቀድሞ ቦታቸው መልሼአቸዋለሁ፤ መስታወቱ መንገዱን ያያል። ዘፈኑ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ማሽኔን አጠፋለሁ። ደንበኞቼ ኪሳቸውን ይዳብሳሉ፣ ከዚያ እርስ በርስ ተያይተው ይስቃሉ። የሚደውለው ማን እንደሆነ አያውቁም። እኔ አንዴ ሲጠራ፣ ሁለቴ ሲጠራ፣ በመስታወቱ ውስጥ መንገዱን እያየሁ በልቤ አታንሳው እለዋለሁ፤ መስመርህን ጨርስ፣ ማይኩ ይቅርብኝ፣ አታንሳው። ሦስተኛው ላይ ያነሳዋል።